ሊፍት ኪት ለመሥራት ለተነሳችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ለፒክአፕ የሚሆን ሊፍት ኪት (መኪናውን ከፍ የሚያደርግ የዕቃዎች ስብስብ) ሠርተው ለመሸጥ የተነሱ ወጣቶች ሲያገኙኝ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሁሌም አንድ ነው፤ «ስንት ሴንቲ ማንሳት ይቻላል?» ጥያቄው ክፉ አይደለም። ገዢውም የሚጠይቀው እሱኑ ነው። ግን ከፍታው የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ቶርኖ ያለው ሰው ከአሉሚኒየም ስፔሰር (ማራቂያ ቁራጭ) ቆርጦ ሞላውን ባቀፈው የፊት ሾክ ራስ ላይ ቢያስር መኪናው በዚያው ቀን ከፍ ብሎ ይቆማል። ሙያው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ፋብሪካው አስቦ ያስቀመጣቸው ብዙ ነገሮች መኪናው ከፍ ሲል ከቦታቸው ይናጋሉ። ያናጋችሁትን ፈልጋችሁ ወደ ቦታው መመለስ፣ የእናንተ ሥራ እሱ ነው። ደንበኛው ባያውቀውም የሚከፍላችሁ ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ከመንደፋችሁ በፊት ለኩ። የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ፒክአፕ ከሆነ ሞላውን አውጡና አርሞቹን (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙትን ክንዶች) ብቻ መልሳችሁ እሰሩ። ከታችኛው አርም ሥር ክሪክ አስገቡ። ከዚያ ጎማውን ከላይኛው ማቆሚያ እስከ ታችኛው ማቆሚያ በየ10 ሚሊሜትሩ እያንቀሳቀሳችሁ ካምበሩን (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘምበትን)፣ ካስተሩን (ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት መስመር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የሚያዘምበትን) እና ቶውን (የጎማው ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚዞርበትን) መዝግቡ። ቁጥሮቹን ኮምፒውተር ላይ ያለ ሞዴልም ይሰጣችኋል። ቢሆንም በእጃችሁ አድርጉት። ሞዴሉ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ሽቦ የት እንደሚታሽ፣ የላይኛው አርም መቼ ሞላውን እንደሚነካ በቀላሉ አያሳያችሁም። ጎማው ሙሉ በሙሉ ተንጠልጥሎ ሳለ መሪውን መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙሩት። በሁለቱም ጊዜ የፍሬን ቱቦውን በጣታችሁ ጫን አድርጉት። ላላ ካላለ፣ ኪታችሁ የቱቦውን ማሰሪያ የሚያወርድ ቅንፍ ወይም ረዘም ያለ ቱቦ ይፈልጋል።

የመዘገባችሁትን ወረቀት ላይ ስትስሉት አንድ ነገር ታያላችሁ። መስመሩ መሃል ላይ ረጋ ያለ ነው፤ ወደ ጫፎቹ ሲሄድ ይታጠፋል። ፋብሪካው የመኪናውን መቆሚያ ከፍታ የመረጠው ረጋ ባለው ክፍል ላይ ነው። ስፔሰር ብቻ ስትጨምሩ መስመሩ አይለወጥም። የሚለወጠው መኪናው በመስመሩ ላይ የሚውልበት ቦታ ነው። ድሮ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ለቅጽበት ብቻ ይደርስበት የነበረው ጠርዝ አሁን የዘወትር መዋያው ይሆናል። እዚያ ደግሞ ጎማው ትንሽ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ቶው ይለዋወጣል። ሹፌሩ መሪውን ሳያዞር መኪናው ወደ ጎን ይስበዋል። ይህን መስመር ሳያይ ኪት የሚሸጥ ሰው የሚሸጠውን አያውቀውም ባይ ነኝ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሌላው ነገር የመውረጃ መንገድ ነው። ጎማው ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም መሄድ አለበት። ወደ ታች 100 ሚሊሜትር መንገድ የነበረውን መኪና ሾኩን ሳትቀይሩ ሞላውን ብቻ አጥብቃችሁ በ60 ብታነሱት የሚቀረው 40 ነው። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ በወረደ ቁጥር ሾኩ እስከ መጨረሻው ተስቦ «ቋ» ይላል። ባለቤቱ «ሞላው ጠነከረብኝ» ብሎ ይመጣል። ሞላው ግን አልጠነከረም። አንድ ወጥ ሞላ ቀድሞ ተጨምቆ ስለታሰረ ጥንካሬው አይለወጥም፤ አንድ ሚሊሜትር ለመጨመቅ የሚፈልገው ኃይል ያው ነው። ያጠረው የመውረጃው መንገድ ነው። መፍትሔው ረዘም ያለ ሾክ ነው።

ረጅም ሾክ ስታስገቡ ደግሞ የጎማውን እንቅስቃሴ የታችኛውን ጫፍ ራሱን ወደ ታች ገፋችሁት። ያኔ የላይኛው ቦል ጆይንት (አርሙን ከጎማ ተሸካሚው ጋር የሚያገናኘው የኳስ መጋጠሚያ) ከተሠራለት ማዕዘን አልፎ ከቤቱ ጠርዝ ጋር ይጋጫል። የፊት አክስሉ ሲቪ ጆይንቶችም (ኃይል ወደ ጎማው የሚያስተላልፉት ተጣጣፊ መጋጠሚያዎች) ያልተለመደ ማዕዘን ውስጥ ይገባሉ። የላስቲክ ሽፋናቸው እጥፋት በእጥፋት እየታሸ ይቀደድና ግሪሱ ይረጫል። የላይኛውን አርም የምንቀይረው ለዚህ እንጂ ለማማር አይደለም። አዲሱ አርም ቦል ጆይንቱን በአዲሱ ከፍታ ላይ ወደ እንቅስቃሴው መሃል ይመልሰው። ትንሽ ወደ ኋላም ይውሰደው። ብዙ ፒክአፖች ላይ ከፊት ሲነሱ ካስተሩ ይቀንሳል። ካስተር ሲቀንስ መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ መመለስ ያቅተዋል፤ ፈጣን መንገድ ላይም መኪናው ይዋልላል።

የእንቅስቃሴውን የላይኛውንም ጫፍ አትርሱ። ሾኩ ራስ ላይ የገባ ስፔሰር ሾኩን ወደ ታች ገፍቶታል። ስለዚህ አርሙ የላስቲክ ማቆሚያውን ከመንካቱ በፊት ሾኩ ውስጡ ሊጋጭ ይችላል። ማቆሚያውን በሚገባው ልክ አውርዱት። ምቱን መቀበል ያለበት ላስቲኩ እንጂ የሾኩ ፒስተን አይደለም።

ስሌቱን ከመጀመሪያው ቀን ልመዱት። ሾኩ የሚታሰረው ከታችኛው አርም እኩሌታ አካባቢ በመሆኑ ራሱ ላይ የጨመራችሁት 25 ሚሊሜትር ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ 50 ይጠጋል። ጥንካሬው ግን በካሬ ይቀንሳል፤ ልክ እኩሌታው ላይ ከታሰረ ጎማው የሚሰማው የሞላውን ጥንካሬ ሩብ ብቻ ነው። የሽቦው ውፍረት ደግሞ የባሰ ነው። የጥቅሉ ስፋትና የዙሮቹ ብዛት ሳይለወጥ ሽቦው ከ14 ወደ 15 ሚሊሜትር ቢወፍር ሞላው 32 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። ለሞላ አምራች «ትንሽ ወፈር አድርግልኝ» ብላችሁ በፍጹም አትዘዙ። ጥንካሬውን በኒውተን በሚሊሜትር፣ ነጻ ቁመቱንና ክብደት ሲያርፍበት የሚኖረውን ቁመት ጽፋችሁ ስጡ። ተሠርቶ ሲያልቅም ዙሮቹ እስኪነካኩ ተጨምቆ እንዲለቀቅ ጠይቁ። ያ ካልተደረገ የሸጣችሁት ከፍታ አገልግሎት ላይ ከዋለ በኋላ ቀስ በቀስ ይቀመጣል።

እኔ ብሆን የመጀመሪያ ምርቴን ከ50 ሚሊሜትር አላሳልፍም። ከዚያ በጣም ርቃችሁ ስትሄዱ አርሞቹን የሚያወርድ ቅንፍ፣ ዲፈረንሻሉን የሚያወርድ ማሰሪያ፣ ረዘም ያለ የጎማ ተሸካሚ ያስፈልጋል። የታይሮዱም (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ቦታ አብሮ መስተካከል አለበት፤ አለዚያ ያ የሳላችሁት የቶው መስመር እንዳልነበረ ይሆናል። ይህ ኪት መሥራት ሳይሆን ሱስፔንሽን እንደ አዲስ መንደፍ ነው። ይቻላል፤ ግን ቀድሞ ትንሹን በደንብ የሠራ ሰው ይድረሰው። ለገዢውም ሐቁን ንገሩት። ሊፍት ኪት ሻንሲውን ከመሬት ያርቃል እንጂ ድፍን የሆነውን የኋላ አክስል አያርቀውም። ዲፈረንሻሉን ከድንጋይ የሚያርቀው ትልቅ ጎማ ነው፤ የእሱም ዲያሜትር በ50 ሚሊሜትር ቢጨምር የምታገኙት 25 ነው።

ከኋላ ብዙው ፒክአፕ ባሌስትራ ነው። እዚህ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ይህ መኪና በየቀኑ ምን ይጭናል?» የሚል ነው። ባዶውን የሚውለውንና ሁልጊዜ ሙሉ ዕቃ ተጭኖ የሚሄደውን በአንድ ባሌስትራ ማስደሰት አይቻልም። ሁለት ዓይነት ሥሩ፤ ካልቻላችሁ አንዱን ምረጡና ለማን እንደሆነ በግልጽ ጻፉ። በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የሚገባ ብሎክ ቀላል መንገድ ነው። ነገር ግን አክስሉ በመነሻና በፍሬን ጊዜ ባሌስትራውን ለመጠምዘዝ የሚያገኘውን ክንድ ያረዝምለታል። ብሎክ በብሎክ ላይ አትደርቡ። ከፊት አክስል ላይ ደግሞ ጨርሶ አታስገቡ።

የኋላው ሲነሳ የካርዳኑ (ኃይል ወደ ኋላ አክስል የሚወስደው ዘንግ) ማዕዘን ይለወጣል። ክሮቸራ (የካርዳኑ ጫፍ ላይ ያለ የመስቀል መጋጠሚያ) በማዕዘን ሲዞር ፍጥነቱ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ሁለቱ ክሮቸራዎች እኩል ማዕዘን ሲኖራቸው አንዱ የሌላውን ያጠፋለታል። እኩልነቱ ሲፈርስ ወለሉ ላይ የሚሰማ ንዝረት ይመጣል። ባሌስትራው ሥር የሚገባ ሾጣጣ ብረት ወይም የመሃሉን ኩሽኔታ የሚያወርድ ማስገቢያ ያስተካክለዋል። ማዕዘኑን በመለኪያ ውሰዱት፤ በዓይን ግምት አይሆንም።

አሁን የምነግራችሁን ግን አስምሩበት። ብዙ ፒክአፖች ላይ ከኋላ አክስሉ ወደ ሻንሲው የሚሄድ አንድ ቀጭን ዘንግ አለ። ጫፉ የፍሬን ግፊት ከሚቆጣጠር ቫልቭ ጋር ተያይዟል። ጭነት ሲበዛ ሻንሲው ወደ አክስሉ ይወርዳል፤ ዘንጉም ቫልቩን ገፍቶ ለኋላ ጎማዎች ተጨማሪ የፍሬን ግፊት ያስገኛል። እናንተ መኪናውን ስታነሱት ቫልቩ «ባዶ ነው» ብሎ ያስባል። መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለት እየወረደ የኋላ ፍሬኑ የሚገባውን ያህል አይዝም። ማስተካከያው ዘንጉን በተነሳው ልክ የሚያካክስ አንዲት ቅንፍ ናት። ይህችን ቅንፍ ያላካተተ ኪት በእንዲህ ዓይነት መኪና ላይ መሸጥ የለበትም። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

የመብራቱም ነገር ትንሽ ይመስላል። የፊቱ ከኋላው በ25 ሚሊሜትር በልጦ ከተነሳ፣ በአክስሎቹ መካከል 3 ሜትር ባለው መኪና ላይ ጨረሩ 50 ሜትር ርቀት ላይ ከነበረበት 40 ሴንቲሜትር ገደማ ይወጣል። ከፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይን ላይ ነው የሚያርፈው። የመብራት ማስተካከያን በመመሪያችሁ ውስጥ አስገቡ። ካሜራና ራዳር ላላቸው መኪኖችም እንዲሁ።

ስለ መገልበጥ በግልጽ እንነጋገር። በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል መሃል ለመሃል ያለውን ስፋት በክብደት ማዕከሉ ቁመት እጥፍ አካፍሉት። 1.60 ሜትር ስፋትና 0.72 ሜትር የማዕከል ቁመት 1.11 ይሰጣል። ማዕከሉ በ6 ሴንቲሜትር ቢወጣ ወደ 1.03 ይወርዳል። ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን መኪናው በድንገተኛ መታጠፍ ለመገልበጥ ይቀርባል። የኤሌክትሮኒክ መረጋጊያው ሥርዓትም የተስተካከለው ለፋብሪካው ከፍታ ነው። በአሜሪካ ቁጥር 126 የሚባለው የፌዴራል ደረጃ ይህን ሥርዓት የሚፈትነው በሰዓት 80 ኪሎሜትር ነው። መሪውን በማሽን ወደ አንድ ጎን ከዚያ ወደ ሌላው አዙሮ ለግማሽ ሰከንድ ያቆየዋል፤ ከዚያ ይመልሰዋል። መሪው ከተመለሰ 1 ሰከንድ በኋላ የመኪናው ወደ ጎን የመዞር ፍጥነት ደርሶበት ከነበረው ከፍተኛ መጠን 35 በመቶ፣ 1.75 ሰከንድ ላይ ደግሞ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ኪታችሁን በዚህ ፈተና ማሳለፍ ከቻላችሁ አሳልፉ። ፈተናው ግን መገልበጥን የሚከላከል የጎን ድጋፍ በታሰረበት መኪና፣ በዝግ ሜዳና ሥራውን በሚያውቁ ሰዎች ይካሄዳል። በሕዝብ መንገድ ላይ «እስቲ ልሞክረው» የሚባል ነገር የለም።

ብረቱን በተመለከተ፣ በአንድ ከባድ ምት የሚሰበር ክፍል ብዙም አያስፈራኝም፤ ቶሎ ይታያል። የሚያስፈራኝ በብዙ ትንንሽ ምቶች የሚደክመው ነው። የድካም ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ብየዳው ከብረቱ በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህ ብየዳውን ጭነት ከሚበዛበት ቦታ አርቁት። ቡሎንን ደግሞ በደንብ እወቁት። ሁለት ብረቶችን የሚያቆመው በዋናነት የቡሎኑ መጨበጥ ነው። በዱቄት የተቀባ ወፍራም ቀለም በሚጨበጡት ፊቶች መካከል ካለ ቀለሙ ቀስ በቀስ ይደቆስና ጭብጡ ይላላል። በቶርክ ቁልፍ አጥብቃችሁት ነበር፤ ግን ላልቷል። የሚጨበጡትን ፊቶች ሳይቀቡ መተው ወይም ስስ ሽፋን መስጠት ይሻላል። አንዴ የተፈታ ዩ-ቦልት (አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስር የዩ ቅርጽ ቡሎን) ተመልሶ አይታሰርም፤ ተወጥሯል። ኪቱ ውስጥ አዲሱን ከነዳዶው አስገቡ።

የመግጠሚያ መመሪያውን የመጨረሻ ሥራ አታድርጉት። የምትሠሩት ነገር የሚገጠመው እናንተ በሌላችሁበት፣ በማታውቁት ሰው እጅ ነው። የአርም ቡሽ ቡሎኖች የሚጠብቁት መኪናው መሬት ላይ በራሱ ክብደት ቆሞ መሆኑን በትልቁ ጻፉ። ጎማው ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ላስቲኩ ተጠምዞ ይታሰራል፤ ዕድሜው ሳይደርስም ይቀደዳል። እያንዳንዱን ቶርክ በቁጥር ስጡ። ከጥቂት መቶ ኪሎሜትር በኋላ ተመልሶ እንዲጠብቅ እዘዙ። ከዚያ መመሪያውን ኪቱን አይቶት ለማያውቅ መካኒክ ስጡትና ሲገጥም ዝም ብላችሁ ተመልከቱት። አንድም ቃል አታግዙት። እጁ ቆም ባለ ቁጥር እዚያ ጋ መመሪያው ጎድሎታል ማለት ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ጥቂቱን ከዓመት በኋላ ጥሩ። አዲስ ኪት ግጠሙላቸውና ያገለገለውን ተቀበሉ። ብየዳውን አጥባችሁ ስንጥቅ በሚያሳየው ሰርጎ ገብ ቀለም መርምሩት። ቡሹን ለሁለት ቁረጡና ላስቲኩ ከብረቱ መላቀቅ ጀምሮ እንደሆነ እዩ። የሞላውን ነጻ ቁመት ለኩና መጀመሪያ ከመዘገባችሁት ጋር አስተያዩ። ልዩነቱን የክፍሉን ቁጥርና መኪናው ይጭን የነበረውን ክብደት ጨምራችሁ ጻፉት። ሁለተኛውን ስሪት መሳል የምትጀምሩት ያ ወረቀት ከፊታችሁ ሲኖር ነው።