ወንበሩ ለሚያሰጋ የፓርላማ አባል መሥራት ይበጃል ወይ?

ውድ እኅቴ፣

በፖለቲካ ሳይንስ ተመርቀሽ ለንደን ውስጥ ሥራ ስታፈላልጊ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ እንደተገኘልሽ ጽፈሽልኛል። አንደኛው በ2024ቱ የብሪታንያ ጠቅላላ ምርጫ በ900 ድምፅ ብልጫ ብቻ ፓርላማ በገቡ አንድ የሌበር ፓርቲ እንደራሴ የምርጫ ክልል ቢሮ ውስጥ የመራጮችን አቤቱታ ተቀብሎ የመከታተል ሥራ ነው፤ ሁለተኛው በአካባቢሽ ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) የቤቶች ክፍል ውስጥ ያለ ቋሚ ሥራ ነው። አባትሽ «ሊፈርስ የተቃረበ ቤት ውስጥ ዕቃ አይገባም» ብለው ካውንስሉን እንድትመርጪ መክረውሻል። አንቺ ግን ልብሽ ወደ ፓርላማው ያዘነብላል፤ ወደፊትም ራስሽ የመወዳደር ሐሳብ አለሽ። እስካሁን የኢትዮጵያ ዜጋ ሆነሽ በቋሚ መኖሪያ ፈቃድ እንደምትኖሪም ገልጸሽልኛል።

የእኔ አስተያየት የእንደራሴውን ቢሮ እንድትመርጪ ነው። ይህን የምልሽ ወንበራቸው ይጸናል ብዬ አይደለም፤ ሊያጡት የሚችሉበት ዕድል ሰፊ መሆኑን አውቀሽ፣ ለዚያም ከመጀመሪያው ቀን ተዘጋጅተሽ እንድትገቢ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የአባትሽ ሥጋት ምን ያህል እውነት እንዳለው እንመልከት። (ዘመን የምጠቅሰው ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጁላይ 4 ቀን 2024 በተደረገው ምርጫ ሌበር ከተሰጠው ድምፅ ያገኘው 33.7 በመቶ ብቻ ነበር፤ ሆኖም ከ650 ወንበሮች 411 ወሰደ። በየምርጫ ክልሉ ከሁሉም የበለጠ ድምፅ ያገኘ አንድ ዕጩ ብቻ ስለሚያልፍ፣ ተቃዋሚው ጎራ በወግ አጥባቂዎች፣ በቀኝ ዘመሙ ሪፎርም ዩኬ፣ በሊበራል ዴሞክራቶችና በግሪን ፓርቲ መካከል ሲከፋፈል በሠላሳ አምስት በመቶም ሆነ ከዚያ ባነሰ ድምፅ ማሸነፍ ይቻላል። የዚህ ድል ሌላው ገጽታ ብዙዎቹ ወንበሮች የተያዙት በጠባብ ልዩነት መሆኑ ነው። ሰሜን ለንደን በሚገኘው ሄንደን የሌበር ዕጩ ያሸነፉት በ15 ድምፅ፣ በደቡብ ጠረፍ በምትገኘው ፑል ደግሞ በ18 ድምፅ ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ቀጣሪ እንምጣ። በምርጫ ክልላቸው 45,000 ሰው ድምፅ ሰጥቶ ከሆነ፣ የ900 ድምፅ ብልጫ ከጠቅላላው 2 በመቶ ነው። እሳቸውን ከመረጡት መካከል 451 ሰዎች በሚቀጥለው ጊዜ ሁለተኛ ለወጣው ዕጩ ድምፃቸውን ቢሰጡ ወንበሩ ያመልጣቸዋል። 451 ሰው ማለት የአንድ መካከለኛ ትምህርት ቤት ወላጆች ቁጥር እንኳ የማይሞላ ነው። በአንድ ቢሮ ትጋት ሊጠበቅም ላይጠበቅም የሚችል ቁጥር በመሆኑ የእንደራሴው ዕጣ ከወዲሁ ተቆርጧል ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን በመላ አገሪቱ የሚነሳ የስሜት ለውጥ ካለ ሳይነካቸው አያልፍም።

በዚህ ረገድ ከብልጫው መጠን ይልቅ ሁለተኛ የወጣው ፓርቲ ማን እንደሆነ ማወቁ ይበልጥ ይጠቅምሻል። በ2024 ሪፎርም ዩኬ ያገኘው 5 ወንበር ብቻ ቢሆንም በ98 የምርጫ ክልሎች ሁለተኛ ወጥቷል፤ ከእነዚህም 89ኙን ያሸነፈው ሌበር ነው። በሜይ 2025 በተደረገው የረንኮርንና ሄልስቢ የማሟያ ምርጫ ሪፎርም ያንን ለሌበር እጅግ አስተማማኝ ይባል የነበረ ወንበር በ6 ድምፅ ብልጫ ነጥቆታል። ስለዚህ የቀጣሪሽ ተፎካካሪ ሪፎርም ከሆነ ሥጋቱ አንድ ዓይነት ነው፤ በግራ በኩል ያለ ግሪን ወይም የግል ተወዳዳሪ ከሆነ ደግሞ መልኩ ሌላ ነው። በለንደን የኋለኛው ዓይነት በቀላሉ የሚታይ አይደለም፤ በኢልፎርድ ኖርዝ የሌበሩ ዌስ ስትሪቲንግ ከአንዲት የግል ተወዳዳሪ ያመለጡት በ528 ድምፅ ነበር። የምርጫ ክልሉን ውጤት ፈልገሽ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፓርቲዎች ድምፅ በወረቀት ላይ ጻፊና ማን ከማን ድምፅ ሊወስድ እንደሚችል ራስሽ አስቢበት። ቀጥሎም በዚያው ክልል ውስጥ ያሉ የካውንስል ቀበሌዎች በቅርቡ ምርጫ ማንን እንደመረጡ ተመልከቺ፤ በቴሌቪዥን ከሚነገረው አገር አቀፍ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ይልቅ ይህ ለአንድ ወንበር ይበልጥ ይቀርባል። ጥናቶቹን ጨርሶ አትናቂያቸው፤ ዩጎቭ የተባለው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ድርጅት በ2024 ምርጫ ዋዜማ ሌበር 431 ወንበር ያገኛል ብሎ ነበር፣ 411 ሆነ፤ ለአገሪቱ ግምቱ ከእውነቱ አልራቀም። ነገር ግን እያንዳንዱን ወንበር ለይተው ሲገምቱ በጠባብ ልዩነት ላይ ያለን ሰው ዕጣ በእርግጠኝነት ሊነግሩሽ አይችሉም።

ደግሞም ሰፊ ብልጫ ዋስትና ይሆናል ብለሽ «ወንበሩ አስተማማኝ የሆነ እንደራሴ እስካገኝ ልጠብቅ» ብትይ አልስማማም። የቀድሞዋ የወግ አጥባቂዎች ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዝ ትረስ በ2019 በሳውዝ ዌስት ኖርፎክ ያሸነፉት በ26,195 ድምፅ ብልጫ ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በ630 ድምፅ ተሸነፉ። የፓርቲ ማዕበል ሲነሳ ብቻ ነው እንዳትይኝ፣ የገዛ ፓርቲያቸው ባሸነፈበት በዚያው ሌሊት ወንበራቸውን ያጡም አሉ፦ በሌበር የጥላ ካቢኔ ውስጥ የነበሩት ጆናታን አሽዎርዝ በሌስተር ሳውዝ በግል ተወዳዳሪ፣ ታንጋም ዴቦኔር ደግሞ በብሪስቶል ሴንትራል በግሪን ዕጩ ተሸንፈዋል። ሁለቱም ለሚኒስትርነት ሲጠበቁ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በእነሱ ቢሮ ይሠሩ የነበሩ ወጣቶች ሐሙስ ማታ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚዛወሩ መስሏቸው ተኝተው፣ ዓርብ ጠዋት ሥራ አጥ ሆነው መንቃታቸውን አስቢ።

ጊዜውንም በሚመለከት፣ አሁን ያለው ፓርላማ ሙሉ ዕድሜውን ከጨረሰ ምርጫው ከኦገስት 2029 አጋማሽ አያልፍም። ሆኖም ከ2022ቱ ሕግ ወዲህ ቀኑን የሚመርጡት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ሜይ 22 ቀን 2024 በዝናብ ቆመው ምርጫ ሲጠሩ ብዙዎች የራሳቸው ፓርቲ እንደራሴዎች እንኳ ምርጫው በመጸው ይሆናል ብለው ያስቡ ነበር፤ ፓርላማው በ8 ቀን ውስጥ ተበተነ። ከዚያም በፊት ቢሆን እንደራሴው በገዛ ፓርቲያቸው አባላት ዳግም ዕጩ ሆነው መጽደቅ አለባቸው፤ በ2022 በኢልፎርድ ሳውዝ የሌበሩ ሳም ታሪ በዚህ ደረጃ ወድቀዋል። ብዙዎች ደግሞ ሳይሸነፉ በፈቃዳቸው ይለቃሉ፤ በ2024 ዳግም ያልተወዳደሩ እንደራሴዎች ከ130 ይበልጡ ነበር። ስለዚህ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ «በሚቀጥለው ምርጫ ለመወዳደር አስበዋል?» ብለሽ በአክብሮት መጠየቅሽ ድፍረት አይደለም፤ ኑሮሽን የሚወስን ጥያቄ ነው።

አባትሽ ምናልባት ያላስተዋሉት፣ አንቺም በጥንቃቄ ልትረጂው የሚገባሽ ዋናው ነገር የቅጥሩ ዓይነት ነው። ቀጣሪሽ ፓርላማው አይደለም፣ ሌበር ፓርቲም አይደለም፤ ቀጣሪሽ እንደራሴው በግላቸው ናቸው። ደመወዙን የሚከፍለው፣ የውሉን ቅጽና የደመወዝ እርከኑን የሚያወጣው ኢፕሳ የሚባለው ነጻ ተቋም ነው፤ ይህም ከ2009ኙ የእንደራሴዎች የወጪ ቅሌት በኋላ የተቋቋመ ነው። እንደራሴው ቢሸነፉ፣ ቢለቁ ወይም ቢሞቱ ቢሮው ለተወሰኑ ወራት ሥራውን አጠናቅቆ ይዘጋል፤ አንቺም በሥራ ቅነሳ ትሰናበቻለሽ። በብሪታንያ ሕግ የሥራ ቅነሳ ካሣ ለማግኘት ለአንድ ቀጣሪ ሁለት ዓመት ያለማቋረጥ መሥራት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የጀመርሽበት ቀን በውሉ ላይ በትክክል መጻፉን አረጋግጪ። እንደራሴው ፓርቲ ቢቀይሩም ውልሽ ከእሳቸው ጋር ነው የሚቀጥለው፤ በእምነትሽ ምክንያት ይህን የማትቀበይ ከሆነ መልቀቅ ያንቺ ውሳኔ ይሆናል። ደመወዝሽ ከሕዝብ ገንዘብ የሚከፈል በመሆኑ በሥራ ሰዓት ለፓርቲ ቅስቀሳ ልትሰማሪ አይገባም፤ ቅዳሜ በር ለበር መዞር ከፈለግሽ በራስሽ ጊዜና ፈቃድ ይሁን። ዩናይት እና ጂኤምቢ የተባሉት የሠራተኛ ማኅበራት የፓርላማ ሠራተኞች ቅርንጫፍ አላቸውና በመጀመሪያው ወር አባል ሁኚ።

ይህን ሁሉ ካልኩሽ በኋላ ለምን እዚያው ግቢ እላለሁ? ምክንያቱም የቀረበልሽ ሥራ የአቤቱታ ሥራ ነው። የንግግር ማርቀቅና የፖሊሲ ጥናት ሥራ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር፤ እንዲህ ያለው ሠራተኛ ከአንድ ፓርቲ ስም ጋር ስለሚያያዝ ፓርቲው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። የአቤቱታ ሠራተኛ ግን ከቤት ሊባረር የቀረው ቀን ጥቂት ለሆነ ቤተሰብ ለካውንስል ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለው የመንግሥት ድጎማ ለተቋረጠበት ሰው የሚመለከተውን ክፍል ታነጋግራለች፣ ጉዳዩ ሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) ውስጥ ለተንጠለጠለበት ስደተኛ መልስ እስኪገኝ ትከታተላለች። ይህን ሁለት ዓመት የሠራ ሰው በካውንስል፣ በእርዳታ ድርጅት፣ በሕግ ምክር ቢሮ ይፈለጋል። በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረጡት 335 እንደራሴዎች ሁሉም ቢሮ ከባዶ ማቋቋም ነበረባቸው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ሥራውን ገና የሚማር ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት የተከመረውን ደብዳቤ መመለስ የሚችል ሰው ዋጋ አለው። ማዕበሉ አንዱን ቢሮ ሲዘጋ ሌላውን የሚከፍተው በዚሁ ምክንያት ነው። ደብሊው-ፎር-ኤም-ፒ የተባለው የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ላይ እነዚህ ቦታዎች ይወጣሉና ከአሁኑ ተከታተይው።

አማርኛ መናገርሽ በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን ፈተናም ያመጣብሻል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጻዲቁን ይዘሽ ቆመሽ እያለ አንዲት እናት ከቦርሳቸው የታጠፈ የሆም ኦፊስ ደብዳቤ አውጥተው «ልጄ፣ አንቺ እኮ እዚያ ትልቁ ቢሮ ነሽ» ይሉሻል። ደብዳቤውን እዚያው አታንብቢው፣ ፎቶም አታንሺው። እንደራሴዎች የሚያስተናግዱት የራሳቸውን ምርጫ ክልል ነዋሪ ብቻ እንደሆነ፣ አድራሻቸው እዚያ ከሆነ ሰኞ ቢሮ ደውለው ወይም በቀጠሮ ቀን መጥተው እንዲመዘገቡ፣ ካልሆነ ደግሞ የራሳቸው እንደራሴ ማን እንደሆኑ እንደምትነግሪያቸው በትሕትና አስረጂያቸው። ቢሮ ውስጥ የሰማሽው የሰው ምስጢር ቡና ላይ እንዳይወጣ ከመጀመሪያው ለቤተሰብሽም ንገሪያቸው። የአንቺ ስም በማኅበረሰቡ ዘንድ የሚጸናው በዚህ ነው እንጂ ለወዳጅ ዘመድ ተራ በማስቀደም አይደለም።

ስለ ራስሽ መወዳደርም ጠይቀሻል። ለፓርላማ ለመወዳደር 18 ዓመት የሞላው የብሪታንያ ወይም የአየርላንድ ዜጋ፣ አለዚያም በሕግ የሚፈቀድለት የኮመንዌልዝ አገር ዜጋ መሆን ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች በያዝሽው ፓስፖርት መወዳደርም ሆነ በጠቅላላ ምርጫ ድምፅ መስጠት አትችዪም፤ በእንግሊዝ የካውንስል ምርጫም እንዲሁ ነው። በስኮትላንድና በዌልስ ግን ሕጋዊ ነዋሪዎች በአካባቢ ምርጫ እንዲመርጡ ተፈቅዷል። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ ጥምር ዜግነትን ስለማይፈቅድ የብሪታንያን ዜግነት ስትወስጂ የኢትዮጵያውን ትለቂያለሽ፤ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ማውጣት ቢቻልም ዜግነት ግን አይደለም። ይህ ከወላጆችሽ ጋር ተቀምጠሽ የምትመክሪበት እንጂ ለሥራ ማመልከቻ ሲባል በአንድ ቀን የሚቆረጥ ጉዳይ አይደለም። ለቢሮው ሥራ ግን የመሥራት ፈቃድሽና የደኅንነት ማጣሪያው ይበቁሻል።

ዜግነቱን ከወሰድሽ ወዲያ የፖለቲካ መንገድ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከካውንስል አባልነት ነው። እዚህ ላይ የአባትሽ ምርጫ ሳይታሰብ በር ይዘጋብሻል፦ አንድ ሰው ተቀጥሮ በሚሠራበት ካውንስል አባል ሆኖ ሊመረጥ አይችልም፤ በካውንስል ከፍተኛ ኃላፊነት ላይ ያሉና ተመራጮችን በቋሚነት የሚያማክሩ ሠራተኞች ደግሞ ለፓርላማም መወዳደር አይፈቀድላቸውም። የእንደራሴ ሠራተኛ ግን ለካውንስል መወዳደር ትችላለች፤ ብዙዎችም ያደርጉታል። ለፓርላማ ለመወዳደር የሚጠየቀው 500 ፓውንድ ማስያዣ ነው፤ ከድምፁ 5 በመቶ ያላገኘ ዕጩ አይመለስለትም።

ለአባትሽ የካውንስሉ ሥራ ቋሚ መሆኑን እንደማትንቂው ንገሪያቸው፤ ቤት ኪራዩን ብቻሽን የምትከፍዪ ወይም ወደ አገር ቤት በየወሩ ገንዘብ የምትልኪ ከሆነ እኔም ሐሳቤን እቀይር ነበር። እንደጻፍሽልኝ ግን ከወላጆችሽ ጋር ነው የምትኖሪው። በመጀመሪያው ዓመት የሦስት ወር ወጪሽን ለብቻው አስቀምጪ፤ ምርጫው ሊጠራ ይችላል ተብሎ በሚወራበት የመጨረሻው ዓመት ደግሞ የሕይወት ታሪክሽን አድሰሽ ማመልከት ጀምሪ፤ ለእንደራሴውም ደብቀሽ ሳይሆን ነግረሽ አድርጊው። ለሥራው መልስ ከመስጠትሽ በፊት የደመወዝ እርከኑን፣ በቢሮው ስንት የአቤቱታ ሠራተኛ እንዳለና በሳምንት ስንት ቀን ምርጫ ክልሉ ውስጥ እንደምትሠሪ በጽሑፍ ጠይቂያቸው፤ መልሱ ሲደርስሽ ለካውንስሉ ያለሽን ምስጋና በዚያው ዕለት ላኪላቸው።