ካሜራ ለሌላችሁ የሳይንስ ልብወለድ ወዳጆች

አንዳንዶቻችሁ "ጋሼ፣ ታሪኩን ጽፈናል፤ ግን መንኮራኩሩን በምን ገንዘብ እንሥራው?" ትሉኛላችሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሬድዮ ድራማ ላይ ነውና መልሴን ታውቁታላችሁ፦ በድምፅ ሥሩት። ደግሞ ቅር አይበላችሁ። የድምፅ ድራማ የደሃ ቴሌቪዥን አይደለም።

እስቲ የእንግሊዞቹን ዶክተር ሁ እዩ። ቢቢሲ በ1963 እ.ኤ.አ. የጀመረው ተከታታይ ነው። ዋናው ሰውዬ፣ ዶክተሩ፣ በጊዜ ውስጥ ይጓዛል፣ ሊሞት ሲል መልኩን ቀይሮ ይቀጥላል (ተዋናይ ሲለቅ ሌላ ለመተካት የተፈጠረ ብልሃት ነው፣ አይገርምም?)። በ1989 ተቋረጠ። በ1996 ፖል ማክጋን የተወነበት አንድ የቴሌቪዥን ፊልም ተሞከረ፣ እሱም ሳይቀጥል ቀረ። በ1999 ግን ቢግ ፊኒሽ የሚባል ድርጅት ከቢቢሲ ፈቃድ አግኝቶ የድሮዎቹን ተዋንያን ማይክ ፊት አቆማቸውና በሲዲ ያወጣ ጀመር። ማክጋን በ2001 ተቀላቀለ። እስከዚያ ድረስ በስክሪን አንድ ፊልም ብቻ የነበረው ሰው በድምፅ ስንትና ስንት ታሪክ ሠራ።

የእሱ የመጀመሪያው ድራማ የሚካሄደው አር 101 በምትባል፣ በ1930 በተከሰከሰች የእንግሊዝ የአየር መርከብ ላይ ነው። ይህን በፊልም ልሥራ ብትሉ ቤት ብትሸጡም አይበቃችሁ። በድምፅ ግን የሞተር ጉርምርምታ ከሥር ታስገባላችሁ፣ ንፋስ ትጨምራላችሁ፣ ሰዎቹ ትንሽ ጮክ ብለው ያወራሉ። በቃ፣ አድማጩ ሰማይ ላይ ነው።

ድምፁን ከየት እናምጣ ለምትሉ፦ የዶክተሩ የጊዜ መጓዣ ስትነሳ የሚሰማው ያ ዝነኛ ድምፅ መነሻው የቤት ቁልፍ ነው። ብሪያን ሆጅሰን የሚባል የቢቢሲ ባለሙያ የእናቱን ቁልፍ በአሮጌ ፒያኖ ወፍራም ሽቦዎች ላይ ፈቀፈቀውና ቀርጾ በቴፕ አቀነባበረው። ስለዚህ ሁሉም ሰው ከኢንተርኔት የሚያወርደውን ኢፌክት ተዉትና ስልካችሁን ይዛችሁ ምናለሽ ተራ ግማሽ ቀን ቁሙ። እዚያ የሚቀጠቀጠው ቆርቆሮ ስንት መንኮራኩር እንደሚወጣው ታያላችሁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። "ወይኔ! ያ ትልቅ የብረት በር እየተከፈተ እኮ ነው!" የሚል ገጸ ባሕርይ። የኔ ልጅ፣ በር ሲከፈት ያየ ሰው እንዲህ ይላል? በሩ ይንቋረር። ከዚያ ዝም። ከዚያ አንዷ ዝቅ ባለ ድምፅ "አትግባ" ትበል። ይኸው ነው። የበሩን ትልቅነት በማስተጋባቱ አድማጩ ራሱ ይለካዋል፣ እናንተ ከምትነግሩትም አስበልጦ።

ተዋንያን ስትመርጡ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙ። ሁለት ሰዎች ድምፃቸው ከተመሳሰለ፣ የፈለገ ጎበዝ ቢሆኑ አንዱን ቀይሩ። ጭራቅ ካላችሁ ደግሞ ማሽኑ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። ዳሌክ የሚባሉትን የዶክተሩን ጠላቶች ድምፅ የሚሠራው የቢግ ፊኒሹ ኒኮላስ ብሪግስ ድምፁን የሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ አለው፣ ግን የሚያስፈራው ቃላቱን እየቆራረጠ የሚተፋበት አነጋገር ነው። መሣሪያ ገዝቶ ትወና የለም።

ዶክተር ሁ በ2005 ወደ ቴሌቪዥን ሲመለስ ብሪግስን ከነዳሌክ ድምፁ ወሰደው። ሮበርት ሺርማን የሚባለው ጸሐፊም በ2003 ለድምፅ ከሠራው ድራማ ሐሳቡን ወስዶ ለቴሌቪዥን አንድ ክፍል ጻፈ። ድምፅ ላይ የሠራ ሰው ጠፍቶ አይቀርም ማለቴ ነው።

እንግዲህ ልብስ የሞላበት ቁም ሳጥን ፈልጉ፣ ማስተጋባት ያጠፋላችኋል፣ የአሥር ደቂቃ ታሪክ ቅረጹ። ከምትወዱት የቴሌቪዥን ድራማ ተነስታችሁ መሥራት ካማራችሁ ግን ባለቤቶቹን በጽሑፍ አስፈቅዱ። መልሱ ይዘገያል፣ እስከዚያው የራሳችሁን ጀምሩ።