ዋርድ ለምትገቡ ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች

ዘንድሮ ተመርቃችሁ ሆስፒታል ለተመደባችሁ ልጆች ነው የምጽፈው። በተለይ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ለተማራችሁ። የሳይካትሪ ነርሶችና ሶሻል ወርከሮችም ብታነቡት አይከፋም። ክፍል ውስጥ የተማራችሁትን አልደግምባችሁም። ዘመኔን ሁሉ ከአልጋ አልጋ ስዞር የለመድኩትን ነው የማካፍላችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከኮንሰልት ወረቀቷ፣ ማለትም ሕመምተኛ እንድታዩ ከምትጠሩባት ወረቀት ነው። ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ናት። "አይናገርም፣ ምግብ እምቢ ብሏል፣ ዲፕሬሽን ካለ ይታይልን" ትላለች። ወረቀቷን ይዛችሁ ከመሮጣችሁ በፊት ጥያቄው የማን እንደሆነ እወቁ። የሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥነው ሐኪም) ነው? ሌሊቱን ሙሉ የተቸገረችው የሲስተሯ ነው? የቤተሰቡ ነው? የሕመምተኛው የራሱ የሆነበት ጊዜ ጥቂት ነው። እንዲያውም እናንተ እንደምትመጡ የነገረው ሰው የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀቷን የጻፈውን ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ። "ምን አይተህ ነው? ከመቼ ጀምሮ? እኔ ምን ባውቅልህ ይጠቅምሃል?" በሉት። ቢፈጅ አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ቻርቱን፣ የሕክምና መዝገቡን፣ አንብቡ። ሙቀቱን፣ የላቦራቶሪ ውጤቱን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ። "እኔ ሳይኮሎጂስት ነኝ፣ ሶዲየም ምኔ ነው" የሚል ሰው ዋርድ ባይገባ ይሻለዋል።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ዝም ያለ ሕመምተኛ ሁሉ ያዘነ አይደለም። ዴሊሪየም (በአካል ሕመም ወይም በመድኃኒት ሳቢያ በድንገት የሚመጣ የአእምሮ መዛባት) ያለበት ሰው ሲጮህና ግሉኮሱን ሲነቅል ማንም ያውቀዋል። የሚያመልጠን ጸጥ ያለው ነው። ሰውየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ሲጠሩት ዘግይቶ ይመልሳል። ምግብ ሲያቀርቡለት ዞር ይላል። ላየው ሰው ሐዘን ይመስላል። አስታማሚዋን ጠይቁ። "ጠዋት ደህና ያወራል፣ ማታ ማታ ግን የሞተችውን እህቱን ይጠራል" ካለቻችሁ ንቁ። የተነካው ስሜቱ ሳይሆን ትኩረቱ ሊሆን ይችላል። የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ እንዲቆጥርላችሁ ጠይቁት። ወይም ወራቱን ከጳጉሜን ወደ መስከረም። ያዘነ ሰው እየተነፈሰ፣ እየሰለቸውም ቢሆን፣ ብዙውን ጊዜ ይጨርሰዋል። ዴሊሪየም ያለበት ሐምሌ ላይ ይጠፋል፣ ወይም ምን እንደጠየቃችሁት ይረሳል። ከጀርባው የሳንባ ምች፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የጨው (የሶዲየም) መዛባት ወይም ትናንት የተጀመረ መድኃኒት ሊኖር ይችላል። ያ ሰዓት ምክር የሚሰጥበት አይደለም። በእግራችሁ ሄዳችሁ ሐኪሙን የምትጠሩበት ነው።

አጥንት ዋርድ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እግሩ ተሰብሮ የገባ ጎልማሳ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ የሌለ ነገር ያያል። ቤተሰቡ "ቡዳ በላው" ይላል። እናንተ ግን ስለ መጠጥ ጠይቁ። "ይጠጣሉ?" ብትሉት መልሱ "አልፎ አልፎ" ነው። ሁልጊዜ! "ጠዋት ሲነሱ ሳይቀምሱ እጅዎ ይንቀጠቀጣል?" በሉት። ያኔ ሚስትየው ቀና ብላ ታያችኋለች። አረቄ ለዓመታት የለመደ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ሕክምናም አለው፣ በጊዜ ከተነገረ።

መድኃኒቶቹንም እወቋቸው። ስቴሮይድ እንቅልፍ ይነሳል፣ ስሜትን ይገለባብጣል። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሳይክሎሰሪን ድብርትም የሌለ ነገር ማየትም ሊያመጣ ይችላል። የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሆርሞን ሲቀንስም ሰውየው ተስፋ የቆረጠ ይመስላል። እናንተ አታዝዙም፤ መጠርጠር ግን ሥራችሁ ነው።

ራስን ስለማስተዋወቅ ልጨምር። በአገራችን ለብዙ ዘመን የአእምሮ ሕክምና ማለት አማኑኤል ሆስፒታል ነበር። የሳይካትሪ ስፔሻሊስት አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እንኳ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ትናንት ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለሆዱ ሕመም የመጣ ሰው አጠገብ ቆማችሁ "የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ" ስትሉት፣ እሱ የሚሰማው "አብደሃል ተብለሃል" የሚለውን ነው። ይቆጣል። እውነቱን ነው። እኔ "ዶክተሩ ነው የላከኝ፤ ረጅም ጊዜ የተኙ ሰዎችን እንቅልፋቸውንና ጭንቀታቸውን የምከታተል ነኝ" ብዬ ነው የምጀምረው። ከዚያ ስለ ሕመሙ እጠይቃለሁ። ቁስሉን፣ ማስታገሻው ስንት ሰዓት እንደሚይዝለት፣ ሌሊት ስንቴ እንደሚነሳ። "ምርመራው ነፃ ነው፣ ምንም የለብህም" ተብሎ ወደ እናንተ የተላከ ሰው ተዋርዶ ነው የሚመጣው። ሕመሙ የእውነት ነው። ሰዋችን ጭንቀቱን በራሱ፣ በልቡና በጨጓራው ይናገራል። "ራሴን ይወቅረኛል፣ ልቤን ያፍነኛል" ሲላችሁ "ይህማ ጭንቀት ነው" ብላችሁ አትቅደሙት። "እንዲህ ሲብስብዎት ቤት ውስጥ ምን ነበር?" ብላችሁ ጠይቁና ጠብቁ።

ክፍሉ ስምንት አልጋ አለው፣ መጋረጃ የለውም። የጎረቤት አልጋ ጆሮውን አቁሟል። መራመድ የሚችለውን ኮሪደሩ ጫፍ ወንበር ላይ ወስዳችሁ አነጋግሩ። የማይችለውን ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡለት፣ ድምፃችሁን ቀንሱ። እዚያ ሊጠየቅ የማይገባውን ለሌላ ቀን አቆዩት።

አሁን ስለ ፎርም። ወጣቶች ፎርም ትወዳላችሁ። እኔም አልጠላም። ፒኤችኪው-9 የተባለው የድብርት መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄ ነው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ድምሩ ከ27 ነው። እስቲ ኩላሊት እጥበት ላይ ላለ ሰው ሙሉት። እንቅልፍ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት፣ ሐሳብ መሰብሰብ፣ የእንቅስቃሴ መንቀርፈፍ። አምስቱም በሕመሙ ብቻ ሦስት ሦስት ሊይዙ ይችላሉ። 15 ሆነ። ሰውየው ስለ ሐዘን አንዲት ቃል አልተነፈሰም! ድብርት ለመጠርጠር በተለምዶ የሚያዘው መቁረጫ ነጥብ ደግሞ 10 ነው። ይህም ቢሆን ከቦታ ቦታ ይለያያል። የአማርኛው ቅጂ ከአዲስ አበባ ውጭ በአንዲት አነስተኛ ከተማ ጤና ጣቢያ ሲፈተሽ የተሻለ የሠራው 5 ነው። ዚግመንድና ስኔይዝ የተባሉ የሳይካትሪ ሐኪሞች በ1983 እ.ኤ.አ. ሃድስ የተባለውን መጠይቅ ያዘጋጁት ለዚሁ ችግር ነው። ለሆስፒታል ሕሙማን የተሠሩ 14 ጥያቄዎች ናቸው፤ ሰባቱ ለጭንቀት፣ ሰባቱ ለድብርት። የአካል ምልክቶችን ሆን ብለው ትተዋቸዋል። እሱም ባይኖራችሁ ድምሩን ለጊዜው ተዉትና ደስታ ማጣቱን ጠይቁ። የልጅ ልጁ ልትጠይቀው ስትገባ ፊቱ ይፈታል? ዜና ሲከፈት ጆሮውን ይሰጣል? ራሱን "ለቤተሰቤ ሸክም ሆንኩ" እያለ ይወቅሳል?

የማስታወስ ችሎታ መለኪያዎቹ ደግሞ ከነጭራሹ የሌላ አገር ሰው ልክ የተሰፉ ናቸው። እርሳስ ይዘው የማያውቁ እናት ሁለት ባለ አምስት ማዕዘን ቅርጽ አነባብረው እንዲስሉ ይጠየቃሉ። አልቻሉም ተብሎ ነጥብ ይቀነሳል። "ቀኑ ስንት ነው?" ሲሏቸው "ዛሬማ ሚካኤል ነው" የሚሉ አባት 12 ማለታቸው ነው፤ ሙሉ ነጥብ ስጧቸው። ከመቶ ሰባት ሰባት መቀነስ ያቃታት ነጋዴ የሽንኩርት ሒሳብ ስትጠይቋት ከእናንተ ፈጥና ትመልሳለች። መልስ ስጭኝ በሏት፣ አንድ ሳንቲም አይጎድልም።

ከፒኤችኪው ዘጠነኛዋን ጥያቄ ግን አትዝለሉ። ስለ ሞት ናትና ብዙዎቻችሁ እዚያ ስትደርሱ ድምፃችሁ ይጠፋል። መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ውስጥ አይዘራም፤ ይህ በጥናት ተደጋግሞ ታይቷል። "ሃይማኖተኛ ናቸው፣ እንዲህ አያስቡም" ብላችሁም አትለፉ። በደረጃ ሂዱ። "እንዲህ ከምሠቃይ ብሞት ይሻለኛል ያሰኝዎታል?" በሉ። ቀጥሎ "ራስዎን ለመጉዳትስ አስበው ያውቃሉ?" በሉ። አዎ ካሉ ሐኪሙ እስኪደርስ አጠገባቸው ቆዩ። አስታማሚ ሌሊትም እንዳይለያቸው፣ ራስጌያቸው ያለው መድኃኒትም እንዲነሳ አድርጉ።

ካንሰር ክፍል ስትገቡ ቤተሰቡ በር ላይ ይጠብቃችኋል። "አደራ፣ እንዳትነግሯቸው። ዕጢ ነው ብለናቸዋል።" እዚህ ላይ የብዙ ወጣት ባለሙያ ደም ይፈላል። የሕመምተኛው መብት ነው ብሎ ከቤተሰቡ ጋር ይጣላል። አትጣሉ። "ቢያውቁ ምን ይሆናሉ ብላችሁ ፈራችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ፍርሃታቸው ውስጥ ፍቅር አለ። ከዚያ ወደ አባትየው ገብታችሁ "ስለ ሕመምዎ እስካሁን ምን ነገሩዎት? ከዚህ በላይ ማወቅ ይፈልጋሉ ወይስ ለልጅዎ ልንገር?" በሉ። ጥቁር አንበሳ የጨረር ሕክምና ተራ እየጠበቁ የቆዩ ሰው ከጎናቸው ከተቀመጡት ሁሉን ሰምተዋል። ብዙዎቹ "አውቄዋለሁ፣ ልጆቼ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው ዝም ያልኩት" ይላሉ። ሁለቱም ወገን ለሌላው ሲል ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀምጧል። ቤተሰቡን የሚያለዝበው የመብት ሕግ አይደለም። አባትየው መናዘዝ፣ የንስሐ አባታቸውን መጥራት፣ ከተጣሉት ወንድማቸው መታረቅ ሊፈልጉ እንደሚችሉ ስታነሱ ነው ልጆቹ ዝም የሚሉት።

ጠበልን በተመለከተ አጭር ነው የምለው። አትከራከሩ። "ጠበል ሲሄዱ መድኃኒቱን ማን ይይዝልዎታል?" ብላችሁ ጠይቁ፣ በቃ።

ብዙ የማወራበት አንድ ነገር የኩላሊት ለጋሾች ጉዳይ ነው። በጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ ከተጀመረበት ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ለእኛ ሙያ አዲስ ሥራ መጥቷል። ለጋሹ በሕይወት ያለ የቅርብ ሰው ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በፈቃዱ መሆኑ መታየት አለበት። እንግዲህ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። አንዱ ወንድም ልጆች አሉት። አሜሪካ ያለው ወጪውን ይሸፍናል። "አንተ ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ" ተብሎ የመጨረሻው ልጅ ይመረጣል። በሽማግሌ ፊት "ደስ እያለኝ!" ይላል። ምን ሊል ኖሯል?

ይህን ልጅ ለብቻው አነጋግሩት። አንድ ቀን አይበቃም፤ ቀናት አልፈው ደግሞ ጥሩት። "ሐሳቡን መጀመሪያ ያነሳው ማን ነው? ከቤተሰቡ እምቢ ያለ አለ? ታዲያ ምን ተባለ? ኩላሊቱ ሰውነቱ ሳይቀበለው ቢቀር ምን ይሰማሃል? የተገባልህ ነገር አለ?" በሉት። ሲመልስ በሩን በሩን የሚያይ ከሆነ ማን ውጭ እንደቆመ ተመልከቱ። ፍርሃት ብቻውን እምቢታ እንዳልሆነም እወቁ። እያለቀሰ የሚሰጥ አለ፣ ከልቡ። እየሳቀ፣ ይሉኝታ አንቆት የሚሰጥ አለ።

አይፈልግም ብላችሁ ከደረሳችሁበት ደግሞ ልጁን ለቤተሰቡ አሳልፋችሁ አትስጡት። የንቅለ ተከላው ቡድን "ለጋሽ መሆን አይችልም" ብሎ ምክንያቱን ሳይዘረዝር ይነግራል። ሐሰት አይደለም፤ ፈቃዱ የሌለው ሰው ለጋሽ መሆን አይችልም። እናትየው እየተከተለች "ምን አገኛችሁበት?" ትላችኋለች። "የእያንዳንዱን ሰው ምርመራ ለሌላ አንናገርም" በሏት፣ በትሕትና፣ አሥር ጊዜ ብትጠይቅም አሥር ጊዜ። ልጁ ወደዚያው ቤት ነው የሚመለሰው።

ቻርት ላይ ስትጽፉ አሳጥሩ። ሦስት ገጽ የልጅነት ታሪክ ማንም አያነብም። የተጠየቃችሁት ምን ነበር፣ ያያችሁት ምንድን ነው፣ ዛሬ ማታ ማን ምን ያድርግ። የቤት ምስጢር ሁሉ እዚያ አይሰፍርም። ቻርቱን ስንቱ ሰው ያገላብጠዋል፤ አንዳንዴ አስታማሚው ራሱ ታቅፎ ኤክስሬይ ይወስደዋል። ከሥሩ ስማችሁንና ስልካችሁን በሚነበብ ጽሑፍ አስቀምጡ። ተረኛዋ ሲስተር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቁጥራችሁ 1 ይሁን 7 ስትመራመር ማደር የለባትም።