«የሁለት ሰው ክፈይ ተባልኩ»፦ ጨጓራዬን ላሳንስ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 36 ነው። ኮምቦልቻ የልብስ ሱቅ አለኝ፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴ 118 ኪሎ ነው። ስኳር ከተገኘብኝ ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። ግፊትም አለብሽ ብለውኛል። ባለቤቴ «ማታ ታንኮራፊያለሽ፣ አንዳንዴም ትንፋሽሽ ቁርጥ ይላል» ይለኛል። ምግብ ቀንሼ ሁለት ጊዜ 15 ኪሎ አወረድኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ መልሼ ጨመርኩ። ባለፈው ወር ወደ ደሴ ልሄድ ታክሲ ውስጥ ስገባ ረዳቱ ሰው ሁሉ እየሰማ «የሁለት ሰው ክፈይ» አለኝ። ከፈልኩ። የሐረጎን ዳገት እስክንወጣ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ አለቀስኩ። አሁን ጨጓራ የማሳነስ ኦፕሬሽን ላሠራ አስቤያለሁ። ለእናቴ እንደ ዋዛ ባነሳላት «አላህ የሰጠሽን አካል ልታስቆርጪ ነው?» ብላ ተቆጣች። የእኔ ነገር ስንፍና ነው? ኦፕሬሽኑ ይሻለኛል? ረመዳንስ መጾም እችላለሁ? አንድ የቀረኝ ልጅ የመውለድ ሐሳብም አለኝ። ለባለቤቴ ሳልናገር ዕቃ ላመጣ ነው ብዬ አዲስ አበባ ሄጄ ባሠራውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ የታክሲውን ነገር ሳነብ ደብዳቤውን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ረዳቱ ያደረገብዎት ነውር ነው። እንደ እርስዎ ያሉ ታካሚዎቼ ሐኪም ቤት ራሱ እንደሚያሳፍራቸው ይነግሩኛል። ሚዛኑ ሰው በሚተላለፍበት ኮሪደር ላይ ተቀምጧል። የግፊት መለኪያው ክንዳቸው ላይ አልደርስ ይላል። ነርሷ ትስበዋለች፣ ማያያዣው ጠረር ብሎ ይከፈታል፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞር ብሎ ያያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርዎት። ጠባብ መለኪያ በወፍራም ክንድ ላይ ሲታሰር ግፊቱን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ «ግፊት አለብሽ» የተባሉት በየትኛው መለኪያ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሰፊ መለኪያ ይጠይቁ፣ መብትዎ ነው። ግፊቱ የለም እያልኩ አይደለም። ልኩን እንወቀው ነው የምለው።

ስንፍና ነው ወይ ላሉኝ፣ አይደለም። ሁለት ጊዜ 15 ኪሎ ያወረደ ሰው ሰነፍ አይባልም። ክብደት ሲወርድ ሰውነት ረሃብ የመጣ ይመስለዋል። የሚራቡበትን ሆርሞን ይጨምራል፣ የጥጋብን ስሜት ይቀንሳል፣ ቁጭ ብለው የሚያቃጥሉትንም ኃይል ይቆጥባል። ይህ ለአንድ ሳምንት ብቻ አይደለም፣ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። እርስዎ በፈቃድዎ የቀነሱትን ሰውነትዎ ሌት ተቀን ሲያስመልስ ነበር። ውፍረት በዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ ሕመም የሚባለውም ለዚህ ነው።

እናትዎንም አይቀየሟቸው። የወሎ ሰው 1966ን እና 1977ን ያውቃል። በዚያ ክፉ ቀን ልጅ ሲመነምን ያየ ሰው፣ ሞላ ያለ ገላ ለእሱ ጤናና በረከት ነው። ቁጣቸው ፍርሃት ነው። «ስኳሬ ዓይኔንና ኩላሊቴን እንዳይጎዳው ልታከም ነው» ብለው ቢጀምሩላቸው፣ «ልቀጥን ነው» ከማለት የተሻለ ይሰሙዎታል ብዬ አስባለሁ።

ወደ ዋናው ልግባ። ኪሎዎን በቁመትዎ ሁለት ጊዜ ያካፍሉት። 118 ለ1.62፣ የወጣውን እንደገና ለ1.62። 45 ገደማ ይሆናል። ቢኤምአይ የሚባለው ይህ ነው። ከ1991 ጀምሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በብዙ አገር ሐኪሞች ለዚህ ኦፕሬሽን የሚመሩበት መስፈርት ቢኤምአይ 40 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳር ያለ ሕመም ካለ የሚል ነበር። በ2022 የዘርፉ ማኅበራት መስፈርቱን ዝቅ አድርገውታል። አሁን 35 ብቻውን ይበቃል፣ ስኳር ላለበት ደግሞ ከ30 ጀምሮ ይታሰባል። እርስዎ በአዲሱም በድሮውም መስፈርት ውስጥ አሉ።

በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ስሊቭ ይባላል። የጨጓራው 75 እስከ 80 በመቶ ተቆርጦ ይወጣል፣ የቀረው እንደ ሙዝ ቀጭን ቱቦ ይሆናል። ተቆርጦ የሚወጣው ክፍል ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጭበት ነው። ስለዚህ ቦታው መጥበቡ ብቻ ሳይሆን ረሃቡም ይቀንሳል። ወደ ኋላ መመለስ ግን የለም። ሁለተኛው ባይፓስ ነው። ከጨጓራው አናት ላይ የእንቁላል ያህል ትንሽ ከረጢት ተለይታ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች። ለስኳር በመጠኑ ይበልጣል፣ የቫይታሚን እጥረቱ ግን ይብሳል። ቃር በኃይል የሚያስቸግረዎት ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ። ስሊቭ ቃርን ሊያባብስ ይችላል፣ ያኔ ባይፓስ ይመረጣል። ሁለቱም በትናንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ ነው የሚሠሩት። ሆድ በሰፊው አይከፈትም።

ምን ያህል ይቀንሳሉ? በአማካይ ስሊቭ ከጠቅላላ ክብደት ሩብ ገደማ፣ ባይፓስ ደግሞ 30 በመቶ ገደማ ያወርዳል። ለእርስዎ በስሊቭ 30 ኪሎ ያህል ማለት ነው፣ ወደ 88 ግድም። ይህን በግልጽ የምነግርዎት ቀጭን እሆናለሁ ብለው ገብተው ሲያዝኑ ያየኋቸው ስላሉ ነው። 88 ኪሎ ቀጭን አይደለም። ግን በ88 ኪሎ ጉልበት ይቀላል፣ እንቅልፍ ይመለሳል፣ ስኳር ይስተካከላል። ስኳሩ ገና ሦስት ዓመቱ ስለሆነና ኢንሱሊን ስላልጀመሩ ያለ መድኃኒት የመቆየት ዕድልዎ ጥሩ ነው። ለዘላለም ጠፋ ማለት ግን አይደለም። በአንዳንዱ ሰው ከዓመታት በኋላ ይመለሳል፣ ምርመራው አይቋረጥም።

አደጋውስ? በለመደ እጅና በተሟላ ሆስፒታል ከተሠራ ሕይወት የሚያልፈው ከሺህ ሰው በአንዱ ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ነው፤ ከሐሞት ከረጢት ኦፕሬሽን ብዙም አይርቅም። የምንፈራው የተሰፋው ቦታ ማፍሰስን፣ ደም መፍሰስንና እግር ላይ ደም ረግቶ ወደ ሳንባ መሄድን ነው። የትንፋሽዎ መቆራረጥ ደግሞ ከኦፕሬሽኑ በፊት መመርመር አለበት። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ሳያውቅ መግባት የለብዎትም። የጨጓራ ባክቴሪያ እኛ ዘንድ የተለመደ ስለሆነ እሱም ቀድሞ ተመርምሮ ይታከም።

አሁን ከሁሉም በላይ እንዲይዙልኝ የምፈልገውን ልንገርዎት። ኦፕሬሽኑ ራሱ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። አብረውት የሚኖሩት ግን ዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ «ላሠራ ወይስ ልተው» ከማለትዎ በፊት «ከዚያ በኋላ ማን ይከታተለኛል?» ብለው ይጠይቁ። አዲስ አበባ ይህን የሚሠሩ የግል ሆስፒታሎች አሉ፣ ቱርክና ህንድ የሚሄዱም አሉ። እርስዎ ግን የሚኖሩት ኮምቦልቻ ነው። ማታ ስምንት ሰዓት ላይ ሲያስመልስዎት የሚደውሉለት ስልክ ያስፈልግዎታል።

አንዲት ታካሚ ነበረችኝ። ውጭ አገር ተሠርታ መጣች። በየቀኑ ታስታውክ ነበር፣ «ኦፕሬሽኑ እንዲህ ነው» ብላ ሦስት ሳምንት ዝም አለች። ወደ እኔ ስትመጣ ግድግዳ ይዛ ነው የገባችው። እግሯ አልታዘዝ ብሏት ነበር። ቫይታሚን ቢ 1 አልቆባት ነው። በመርፌ ሰጠናት፣ ቀስ በቀስ ተሻላት፣ እግሯ ላይ ያለው መደንዘዝ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዋትም። ማስታወክ ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ ከቀጠለ እንደ ተራ ነገር አይታይም። የልብ ምት በደቂቃ ከ120 በላይ ከሆነ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሆድ ወይም ግራ ትከሻ በኃይል ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ የአንድ ሌሊት ጊዜ እንኳን የለም። የኦፕሬሽኑን ወረቀት ይዘው በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ወረቀቱን ሳይቀበሉ ከሆስፒታል አይውጡ፤ ምን ዓይነት ኦፕሬሽን እንደተሠራ የማያውቅ ተረኛ ሐኪም ይሳሳታል።

ቫይታሚኑ በየቀኑ ነው፣ እስከ መጨረሻው። አጠቃላይ ቫይታሚን፣ ቢ 12፣ አይረን፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ። የደም ምርመራው በመጀመሪያው ዓመት በየጥቂት ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ዋጋ ሲጠይቁ የኦፕሬሽኑን ብቻ አይጠይቁ። የአንድ ዓመት ቫይታሚንና ምርመራ፣ የመመላለሻው ትራንስፖርት፣ ችግር ቢፈጠር ተመልሶ የመግባቱ ወጪ ስንት ነው ይበሉ። ሐኪሙን «ይህን ኦፕሬሽን ስንት ሰው ሠርተዋል? ጽኑ ሕሙማን ክፍል አለ?» ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም። በጥያቄው የሚቆጣ ከሆነ ሌላ ሐኪም ይፈልጉ።

አበላሉ ይለወጣል። መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ የተፈጨ፣ ከወር በኋላ ለስላሳ ምግብ። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፣ ጡንቻ እንዳይቀልጥ። ስለዚህ ከትንሿ ሳህን ላይ ቀድሞ የሚበላው እንቁላሉ፣ ዓሣው፣ ምስሩ ወይም እርጎው ነው፣ እንጀራው መጨረሻ። ምግብና ውኃ አብረው አይሄዱም፣ ግማሽ ሰዓት ይለያዩ። ለስላሳ መጠጥ ይቀራል። ቡናው ሲፈቀድልዎ በአቦል፣ በቶና፣ በበረካ በየስኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ከገባ የደከሙበትን ይበላዋል። ጉርሻ ደግሞ አለ። የአማች እጅ አይመለስም አይደል? በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ጠንከር ያለች ጉርሻ የምሳዎ ሲሶ ነች፣ ሳይታኘክ ከተዋጠች ታሳምማለች። ቤት ውስጥ የሚከላከልልዎት ሰው ሊኖር ይገባል። ከሦስተኛው ወር ግድም ፀጉር ይረግፋል፣ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። ቆዳም ይላላል። አይደንግጡ።

ረመዳንን በተመለከተ፣ ከ12 እስከ 18 ወር ያህል አለመጾም ነው የሚመከረው። በአንዴ ብዙ መጠጣት ስለማይችሉ ቀኑን ሙሉ ያጡትን ውኃ ከመግሪብ እስከ ሱሁር መተካት ይከብዳል። ለታመመ ሰው ሃይማኖትዎ ራሱ የሰጠው ፈቃድ አለ፣ ቃዷውን፣ ማለትም ያልጾሙትን ቀን በኋላ መተካቱን፣ ከሼሁ ጋር ይነጋገሩበት። ከዚያ በኋላ ደምዎ ታይቶ፣ የስኳር መድኃኒትዎ ተስተካክሎ የሚጾሙ ብዙ ናቸው። ለክርስቲያን አንባቢዎቼም ያው ነው። በጾም ወቅት ሽሮውና ምስሩ ጠበቅ ይበል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ ግን በመጀመሪያው ዓመት ይቅር።

ልጁን ደግሞ ያዘግዩት። ክብደት ሲወርድ ማርገዝ ይቀላል፣ ሳያስቡት የሚያረግዙ አሉ። ክብደት እየወረደ፣ ቫይታሚን እየጎደለ ያለ እርግዝና ለእናትም ለልጅም ጥሩ አይደለም። ከ12 እስከ 18 ወር ይጠብቁ። በተለይ ከባይፓስ በኋላ የሚዋጠው የእርግዝና መከላከያ ክኒን ላይ መተማመን አይቻልም፣ በክንድ የሚቀበረው ወይም ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ይሻላል።

የክብደት መቀነሻ መርፌ አለ አይደል የሚሉኝ አሉ። አለ፣ ይሠራል። ሴማግሉታይድ የሚባለው በትልቁ መጠኑ በጥናት ላይ ከዓመት በላይ ተወስዶ በአማካይ 15 በመቶ ገደማ አውርዷል። ሲቆም ክብደቱ አብዛኛው ይመለሳል፣ ዋጋውም ከባድ ነው። ከመከፈቱ በፊት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ መቀመጥ አለበት። በሻንጣ መጥቶ በኮምቦልቻ ሙቀት ሱቅ ለሱቅ ከሚዞረው ግን ይራቁ፣ ውስጡ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

እኔ እርስዎን ብሆን? በጽሑፍ ያየሁት ብቻ ቢሆንም፣ ኦፕሬሽኑ የሚጠቅምዎት ሰው ይመስሉኛል። በ36 ዓመት፣ ስኳሩ ገና ሳይገፋ። ሐሳብዎ ትክክል ነው፣ ማንም አያሸማቅቅዎት። በድብቅ ማድረጉን ግን አልስማማበትም። ከማደንዘዣ ሲነቁ አጠገብዎ የሚቀመጥ፣ 400 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው መንገድ ላይ በየሁለት ሰዓቱ መኪናውን አስቁሞ እግርዎን እንዲያንቀሳቅሱ የሚያወርድዎት፣ ሌሊት ቢያተኩስዎት ይዞዎት የሚሮጥ ሰው ያስፈልግዎታል። «ዕቃ ላመጣ» ብለው የሄዱ ሰው አራት ኪሎ ዕቃ እንኳን ማንሳት ሳይችሉ ሲመለሱ ነገሩ መታወቁ አይቀርም። ትንፋሽዎ ሲቆረጥ ሌሊት የሚሰማው ባለቤትዎ ነው። እሱ ከእርስዎ ባልተናነሰ ሳይፈራ አይቀርም። ብቻዎን መንገር ካቃተዎት ደሴ አብራችሁ ኑና ሦስታችን ሆነን እንነጋገርበት። የስኳር ምርመራ ወረቀቶችዎን ይዘው ይምጡ። ሰፊው የግፊት መለኪያ እኔ ክፍል አለ፣ ሚዛኑም በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው የሚወጡበት።