«የልጅ ጨዋታ» የተባለው ሥራሽ

ልጄ፣ ፖስታሽን ስከፍት ከደብዳቤው ቀድሞ ጠረጴዛዬ ላይ የወደቀው ቢራቢሮው ነበር። ክንፉ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው፤ አካሉ አያትሽ የፈተሉት የመንዝ በግ ጸጉር። ሁሉም በአንዲት መርፌ ቁልፍ ላይ በጥቁር ክር ተጠምጥሟል። ደብዳቤውን ሳላነብ ብዙ ደቂቃ እያገላበጥኩ አየሁት።

ጥያቄሽን ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። 20 ዓመትሽ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከወላጆችሽ ጋር ትኖሪያለሽ። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶ አልሞላልሽም። በስልክሽ ካየሽው ቪዲዮ ተምረሽ በልጆች ደረት ላይ የሚሰካ ቢራቢሮ እየሠራሽ ቅዳሜ ገበያ አንዱን በ40 ብር ትሸጫለሽ። አባትሽ «የልጅ ጨዋታውን ተዪና እንደገና ተፈተኚ» ይሉሻል። አክስትሽ ዓረብ አገር እንድትሄጂ ደላላ አነጋግረዋል። ታላቅ ወንድምሽ በሥራሽ እየሳቀ ከሽያጭሽ ኪሱን ይሞላል። «እኔም አንዳንዴ አፍራለሁ፤ ልተወው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

አትተዪው። በእጅ ሥራ ማፈር ከሚባለው ነገር ጋር ዕድሜዬን ሙሉ ስጣላ ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ መልሱን ለመስጠት ጊዜ አልፈጀብኝም። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያልን ስንሰድብ ኖረን ማረሻውንም ጋቢውንም ከእነሱ እጅ ነው የወሰድነው። ከከተማሽ ብዙም በማይርቀው አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ አስነግረዋል። ከዚያ ወዲህ ከ100 ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ግን «ጨዋታ» የሚል ስም ይዞ እናንተ ቤት ተቀምጧል።

ወደ ብሩ እንምጣ። የጻፍሽልኝን ቁጥር ይዤ ደመርኩት። በሳምንት 20 ቢራቢሮ ትሠሪያለሽ፤ አንዱ 35 ደቂቃ ይፈጅብሻል፤ ለመርፌ ቁልፍ፣ ለክርና ለማጣበቂያ በአንዱ 9 ብር ታወጫለሽ። ገበያ ላይ ደግሞ 6 ሰዓት ትቆሚያለሽ። ከ20ው የምትሸጪው ግን 14 ብቻ ነው፤ 6ቱ «ለዘመድ ልጅ ነው» እየተባለ በነጻ ይወሰዳል። ከ14ቱ 560 ብር ታገኛለሽ፤ የ20ው ዕቃ ወጪ 180 ብር ሲቀነስ 380 ብር ይቀርሻል። ይህ የ17 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ድካምሽ ዋጋ ነው፤ በሰዓት 21 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ። 6ቱም ቢሸጡ በሰዓት 35 ብር ይሆን ነበር። ዘመዶችሽ በየሳምንቱ 240 ብር፣ በአራት ሳምንት 960 ብር ይወስዱብሻል ማለት ነው። ይህን ያህል ብር ከመሶቡ ሥር ቢጠፋ ቤቱ ሁሉ ሌባ ፍለጋ ይነሣ ነበር።

ስለዚህ ይህችን መሥመር ለአባትሽ አንብቢላቸው፦ አባቴ፣ ሥራው ጨዋታ ከሆነ ባለፈው መስከረም የታናናሾቿ ደብተር የተገዛው በምን ገንዘብ ነው? የሚያፍሩበት ከሆነ ገንዘቡንም አይቀበሉ፤ ገንዘቡን ከተቀበሉ ደግሞ ሥራዋን በስሙ ይጥሩላት። ለወንድምሽ የምጽፈው የለኝም። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ አንድ ብር አትስጪው። ለዘመድ ልጅም ቢሆን የዕቃውን 9 ብርና የድካምሽን ጠይቂ፤ ይቀየማሉ፣ ከዚያ ይለምዳሉ።

ዋጋሽም ዝቅ ያለ ነው። የምትሠሪበትን መርፌ ቁልፍ የፈለሰፈው አሜሪካዊው ዋልተር ሃንት፣ በ1849 እ.ኤ.አ. መብቱን ካስመዘገበ በኋላ የ15 ዶላር ዕዳ ስላስጨነቀው በ400 ዶላር ሸጦታል። ትርፉ የገዢዎቹ ሆነ። አንቺም 40 ብር ያልሽው ቢራቢሮው ያንን ስለሚያወጣ አይደለም፤ ቅዳሜ ማታ ባዶ እጅሽን ቤት መግባት ፈርተሽ ነው። 60 ብር በዪ።

ግን ዋጋ ከመጨመርሽ በፊት ሥራሽን አጠንክሪ። የላክሽልኝን ክንፍ በሁለት ጣቴ ይዤ፣ ልጅ እንደሚጎትተው ጎተትኩት። በሦስተኛው ላባው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ፤ ክሩም ተፈታ። የጨረስሽው በተራ ቋጠሮ ስለሆነ ነው። ይህ ጥበብ የመጣው ከዓሣ አጥማጆች ነው፤ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ለማታለል በመንጠቆ ላይ ላባና ክር ጠምጥመው ነፍሳት ያስመስሉታል። ትራውት በእኛም አገር፣ በባሌ ዌብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ አለ። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ደግሞ ይህን ማጥመጃ እየጠመጠሙ ወደ ውጭ በሚላክ ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶች አሉ። በሙያው የተካኑት የክሩን ጫፍ ከራሱ ጥምጥም ሥር አስገብተው ደጋግመው ይጠመጥሙበታል፤ ከዚያ ስበው ያጠብቁትና አንድ ጠብታ ቫርኒሽ ያደርጉበታል። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ለአንቺ ይበቃል። ክሩን ደግሞ እስከ መርፌ ቁልፉ ጠመዝማዛ ድረስ ስለወሰድሽው በደንብ አይከፈትም፤ በማይከፈተው ክንድ መሐል ላይ አቁሚው። መርፌ ቁልፉን ጨብጦ የሚይዝልሽ ትንሽ የጠረጴዛ ሞርሳ ግዢ፤ ሁለቱም እጆችሽ ነጻ ሲወጡ 35 ደቂቃው ያጥራል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን በጭራሽ አትሽጪ፤ የተነቀለ ላባና ቁራጭ ክር ሕፃን ያንቃል፤ መርፌውም መርፌ ነው።

ገበያሽ መልካም ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ ልጅ ያለ ሹራብ ከቤት አይወጣም፤ መርፌ ቁልፍ ደግሞ ሹራብን የመሰለ ማረፊያ የለውም። ቅዳሜ የምትቆሚው ከሹራብ ሻጮቹ አጠገብ ይሁን።

ቢራቢሮ ብቻውን ግን አያኖርሽም፤ ይህንንም አልደብቅሽም። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብተሽ ልብስ ስፌት ተማሪ፤ በሙያ ብቃት ምዘናውም እለፊ። እኔ በ19 ዓመቴ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ ለ9 ዓመት አልተነሣሁም፤ ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ሁሉ የከፈለልኝ ያ መኪና ነው። ስፌት ስትችዪ ቢራቢሮውን ከምትሰፊው የልጅ ልብስ ጋር ትሸጪዋለሽ፤ ያኔ ዋጋውን የምትወስኚው አንቺ ትሆኛለሽ።

እንደገና መፈተኑን አባትሽ በጣም ተስፋ አድርገውበታል። በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። መፈተን ከፈለግሽ በግል ተመዝገቢ፤ አንድ ዓመት ቤት ተቀምጠሽ ግን አይደለም።

ለደላላው መልስ አትስጪው፤ አክስትሽንም ይቅርብኝ በያቸው። ብድር ለሞርሳና ለክር አያስፈልግሽም፤ የሁለት ሳምንት ሽያጭ ይበቃል።

አንድ ደብተር ያዢ፤ የተሠራው፣ የተሸጠው፣ በነጻ የተወሰደውና የወሰደው ሰው ስም ይጻፍበት። ከአሥር ሳምንት በኋላ ደብተሩን ከአንድ አዲስ ቢራቢሮ ጋር ላኪልኝ፤ ክንፉን እንደገና እጎትተዋለሁ።