ከጓሮ ቅጠል እስከ መድኃኒት፦ ለፋርማሲና ለኬሚስትሪ ተማሪዎች

ልጆቼ፣ እኔ በምኖርበት ቡራዩ ጤና አዳም የሌለበት ጓሮ ብርቅ ነው። ሰው ሆዱን ሲያመው ቅድሚያ የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። ዕድሜዬን በፋርማሲስትነት ስላሳለፍኩ ጎረቤቶቼ ስለ ቅጠላ ቅጠል ሁሉ ይጠይቁኛል። አሁን አሁን ግን ጥያቄው ከበድ ብሏል። «ሽፈራው ካንሰር ያድናል የሚሉት እውነት ነው?» ይሉኛል። ወሬውን በቴሌግራም የላኩላቸው አብዛኛውን ጊዜ ልጆቻቸው ናቸው። ስለዚህ መልሱን ለእናንተው ልጻፍላችሁ።

ነገሩ ባዶ ወሬ አይደለም። ተክሎች የሚሠሯቸው ፍላቮኖይድ የሚባሉት ውህዶች በየማዕዳችን አሉ። ቀይ ሽንኩርት ስትልጡ የምትጥሉት የውጪው ልጣጭ ኩዌርሴቲን በሚባለው ፍላቮኖይድ ከውስጠኛው ክፍል ይበልጥ የበለጸገ ነው። ኩዌርሴቲን በሽፈራው ቅጠልም አለ። ስኳር ተጣብቆበት ሲገኝ ደግሞ ሩቲን ይባላል፤ እሱን ጤና አዳም ውስጥ ታገኙታላችሁ። ላብራቶሪ ውስጥ እነዚህ ውህዶች የካንሰር ሴል እንዳይራባ ሲያግዱ፣ አንዳንዴም ራሱን በራሱ እንዲያጠፋ ሲያደርጉ በተደጋጋሚ ታይቷል።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። የበላነውን ኩዌርሴቲን አንጀትና ጉበት ወዲያው ይረባረቡበታል። ሌላ ሞለኪውል ይለጥፉበትና በሽንት እንዲወጣ ያደርጉታል። ደም ውስጥ የሚደርሰው መጠን በላብራቶሪ ሳህን ላይ ሴሉን ከገደለው መጠን ብዙውን ጊዜ በአስር እጥፍና ከዚያም በላይ ያነሰ ነው። «ሴሉን ገደለው» የሚል ጽሑፍ ስታነቡ «በምን ያህል መጠን?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህችን አንዲት ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ ሳገኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ያ ማለት ግን መንገዱ ዝግ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ተመራማሪዎች የኩዌርሴቲንን ቅርጽ መነሻ አድርገው ሴልን «እደግ፣ ተባዛ» የሚለውን ፒአይ3 ካይኔዝ የተባለ ኢንዛይም የሚያግድ ውህድ ሠርተዋል። ከህንድ ዛፍ በተገኘ ውህድ መነሻነት የተሠራው ፍላቮፒሪዶልም በሰው ላይ እስከመሞከር ደርሷል።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ግን የራሳችን አገር ታሪክ ነው። አጣጥን ታውቁታላችሁ አይደል? የአጣጥ ወገን ከሆነና ከኢትዮጵያ ከተወሰደ ቁጥቋጦ አሜሪካ ውስጥ ኩፕቻን የተባለ ኬሚስት የሚመራው ቡድን ሜይታንሲን የተባለ ውህድ ለይቶ እ.ኤ.አ. በ1972 ይፋ አደረገ። ይህ ፍላቮኖይድ አይደለም፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ይሆናል። የካንሰር ሴልን በጣም በትንሽ መጠን ይገድላል። በሕመምተኞች ላይ ሲሞከር ግን ጉዳቱ ከጥቅሙ በለጠና ተተወ። በኋላ የእሱን ተዋጽኦ የጡት ካንሰር ሴልን ለይቶ ከሚይዝ አንቲቦዲ ከተባለ ፕሮቲን ጋር አጣበቁት። መርዙ በአብዛኛው በሚፈለገው ሴል ውስጥ እንዲፈታ ሆነ፤ መድኃኒቱም እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ከአርባ ዓመት በላይ ማለት ነው! ቁጥቋጦውን ቀቅሎ የጠጣ ሰው የሚያገኘው መርዙን ብቻ በሆነ ነበር።

የሚቀጥለውን እንዲህ ያለ ሥራ እናንተ እዚሁ ብትሠሩት እመኛለሁ። አንድ አዋቂ ቅጠል ሲያሳያችሁ፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ከነአበባው አድርቁና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላለው ብሔራዊ ሐርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ማኅደር) አሳዩ። አንዱ ስም በየአገሩ ለተለያየ ተክል ይሰጣልና፣ የትኛውን ተክል እንደመረመራችሁ ካላወቃችሁ ድካማችሁ ውሃ በላው ማለት ነው። የነገራችሁንም ሰው አትርሱት፤ እውቀቱ የእሱ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እናት ነበረች። ሐኪም ቤት የሄደችው ለወራት የቅጠል ዱቄት በማር እየበጠበጠች ከጠጣች በኋላ ነው። እብጠቱ ግን ጊዜ አልሰጣትም። ዱቄቱን የሸጠላት ልጅ ክፉ አልነበረም፤ ያነበበውን አምኖ ነው። ለዚህ ነው ያነበባችሁትን ሁሉ ለእናቶቻችሁ አትላኩ የምለው።

ኬሞ የጀመረ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ የሚጠጣውን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር። አረንጓዴ ሻይ ምን ጉዳት አለው ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት ግን የሻዩ ፍላቮኖይድ ቦርቴዞሚብ የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ተጣብቆ ሥራ ሲያስፈታው በሴልና በአይጥ ላይ ታይቷል። ሰዎች የሚጠጡትን የሚደብቁት ቁጣ ፈርተው ነው። ነገ ነጭ ጋውን ስትለብሱ «ቅጠል ትጠጪያለሽ እንዴ!» ብላችሁ አታስደንግጧቸው። «እማማ፣ ቤት ውስጥ ምን ምን እየወሰዱ ነው?» በሏቸው፤ ከዚያ ረጋ ብላችሁ አድምጡ፣ የነገሯችሁንም ካርዱ ላይ ጻፉት።