ከጣና ዳር ለሚሠራ የነፍስ አድን ማኅበር ቤት የወለል ከፍታ እንዴት ይወሰናል?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር ቦታ የተፈቀደልን የነፍስ አድን ማኅበር አባላት ነን። የአውስትራሊያን የባሕር ጠረፍ የነፍስ አድን ክበቦች በፎቶ አይተን፣ የጀልባ ክፍሉ ከታች፣ ቢሮውና የጥበቃ ክፍሉ ከላይ የሆነ ንድፍ አሠርተናል። ቦታው ሜዳ፣ አፈሩም ጥቁር ነው። የጀልባ ክፍሉን ከውኃው በ10 ሜትር ርቀት ብንሠራው ያዋጣናል?

መልስ፦ የክፍሎቹ አደላደል መልካም ነው፤ ያሳሰበኝ 10 ሜትሩ ነው። ለመሆኑ የተለካው በየትኛው ወር ነው? የውቅያኖስ ውኃ በአብዛኛው ጠረፍ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ጣና ግን ክረምቱን ሲሞላ ቆይቶ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያም እየቀነሰ ሄዶ በግንቦትና በሰኔ ዝቅተኛው ላይ ያርፋል። የሁለቱ ልዩነት እንደየዓመቱ ዝናብና በጨራ ጨራ፣ ማለትም ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ባለው የውኃ መቆጣጠሪያ ግድብ፣ በኩል እንደሚለቀቀው ውኃ ቢለያይም፣ ባብዛኛው ከ1.5 ሜትር ብዙ አይርቅም። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ዳርቻችሁ በየ20 ሜትሩ 1 ሜትር ዝቅ የሚል ከሆነ፣ የውኃው ጠርዝ በዓመት ውስጥ 30 ሜትር ወዲህና ወዲያ ይሄዳል ማለት ነው። በግንቦት የተለካ 10 ሜትር በመስከረም ውኃ ውስጥ ይገባል፤ በመስከረም የተለካ ደግሞ በግንቦት 40 ሜትር ይሆናል።

ስለዚህ ከርቀት ሳይሆን ከከፍታ ጀምሩ። የሐይቁ ከፍታ በየጊዜው ስለሚመዘገብ፣ እስካሁን የደረሰበትን ከፍተኛና ዝቅተኛ ልክ ከሚመለከተው የውኃ መሥሪያ ቤት ጠይቁና ቀያሽ በቦታችሁ ላይ ችካል ይምታበት። የጀልባ ክፍሉን ወለል ከከፍተኛው ችካል ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ከጸጥተኛው ውኃ በላይ ስለሚወጣ እኔ ከዚህ በታች አልወርድም። ከክፍሉ በር እስከ ዝቅተኛው ችካል፣ ከዚያም ትንሽ አልፎ፣ ጀልባው በጋሪ የሚወርድበት የኮንክሪት መንገድ ያስፈልጋል። ገጹ ሳይደርቅ በአግድም ጭረት ይውጣለት፤ አለበለዚያ አረንጓዴው ዝቃጭ ሲይዘው ጋሪ የሚገፋውን ሰው ያንሸራትታል። የመንገዱ ጫፍ በማዕበል እንዳይቦረቦር ዙሪያውን በትልልቅ ጥቁር ድንጋይ ደግፉት። የመንገዱ የታችኛው ጫፍ ኮንክሪት መሞላት ያለበት ውኃው በሚሸሽበት በግንቦት ነው፤ ያ ወር ካለፋችሁ ሥራው ውኃ መቅዳት ይሆናል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ደንገል አትንኩት፣ ማዕበሉን የሚሰብርላችሁ እርሱ ነውና።

ጥቁሩ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ወለልን በቀጥታ በላዩ ማንጠፍ ስንጥቅን መጋበዝ ነው። ሁለት ሦስት የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሩ። በከተማችን አንዳንድ ቦታ ጥቁሩ ዓለት ቅርብ ነው፤ ከተገኘ መሠረቱን በእርሱ ላይ ማሳረፍ ይመረጣል። ካልተገኘ የአፈሩን ጠባይ የሚያውቅ መሐንዲስ የመሠረቱን ጥልቀት ይወስን፤ አፈሩ ተነሥቶ በገረጋንቲ ይተካ፣ በንብርብርም ይጠቅጠቅ።

የጥበቃ ክፍሉን በተመለከተ ዕድለኞች ናችሁ። ሐይቁ ለከተማው በሰሜን ስለሆነ ዋናው መስኮት ብዙ ፀሐይ አይወጋውም፤ ጠዋትና ማታ የሚያስቸግሩት የምሥራቅና የምዕራብ ጎኖች ናቸው፣ እነርሱን አጥብቡ። መስታወቱን ከላይ ወደ ውጭ ትንሽ ብታዘነብሉት የክፍሉ ነጸብራቅ ተመልካቹን አያሳስተውም። በፎቶ ያያችኋቸው ክበቦች ጨው ስለሚበላቸው ውድ የማይዝግ ብረት ይጠቀማሉ፤ የጣና ውኃ ጨዋማ ስላልሆነ ዚንክ የተቀባ ብረትና ቆርቆሮ ይበቃችኋል። የተረፈውን ገንዘብ በእንጨት ሥራ ላይ ምስጥ እንዳይገባ አውሉት።

የሕክምና ክፍሉን ከጀልባ ክፍሉ አጠገብ አድርጉና አንድ በር ወደ ሐይቁ፣ ሌላው ወደ አምቡላንሱ መንገድ ይከፈት፤ ቃሬዛ የሚሸከሙ ሰዎች ጎን ለጎን እንዲያልፉ ስፋታቸው ከ1.20 ሜትር አይነስ። የመጸዳጃ ጉድጓዱ ውኃ የማያሰርግ ሆኖ በመንገዱ በኩል ይቀመጥ፣ የፍሳሽ መኪናም ይድረስበት። የሞተር ቤንዚን በጀልባ ክፍሉ ውስጥ አይደር። ትንሽ የተለየች ክፍል ሥሩለት፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድና ወለል ላይ ስለሚተኛ፣ የአየር ማስገቢያዋ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከወለሉ አጠገብም ይሁን።